ከተመስገን በታች ያለውን የሚሰፍር ሰው

የትም ከተማ ሂዱ፣ ሁሉን ነገር ሰፍሮ ካላወቀ እህል የማይወርድለት አንድ ሰው አታጡም። "እንደምን አደራችሁ?" ይላችኋል። "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ትሉታላችሁ። ሌላው ሰው እዚህ ላይ እጃችሁን ለቆ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ይህኛው ግን እጃችሁን እንደጨበጠ፣ ዐይን ዐይናችሁን እያየ፣ በትሕትና "ከአምስት ስንት?" ይላችኋል።

ለደብረ ታቦር የደረሳት ጥላዬ ነው። ሊቀ መጠይቅ ጥላዬ። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ካህናቱ እንዳይቆጡኝ ፈርቼ እንጂ ጥምጥምም ይገባው ነበር። በአንዲት ትንሽ የጥናት ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ሥራው ሰዎች ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤና ጣቢያው በልባቸው ያለውን የሚጠይቅ ወረቀት ማዘጋጀት ነው። ከጥያቄው ሥር "በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ መካከለኛ፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም" የሚሉ አምስት ክቦች ተደርድረው አይታችሁ ይሆናል። ክቦቹ አምስት ይሁኑ ወይስ ሰባት፣ የመሐሉ ይቅር ወይስ ይኑር እያለ ከሰውነት ተራ የወጣ ሰው በዓለም ላይ አለ ብላችሁ ግን አልጠረጠራችሁም። አለ። ቀጭን ነው፣ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ የጉና ብርድ በማይዘልቀው ወፍራም ካፖርት ውስጥ ይኖራል።

እኔ ይሻው እባላለሁ፤ የአማርኛ መምህር ነኝ። ትምህርት ሲዘጋ ከጥላዬ ጋር ቤት ለቤት እየዞርሁ መረጃ እሰበስባለሁ፣ የጥያቄዎቹንም ቃል አቃናለሁ። ያደግሁት በእንጉርጉሮ ነው። አውድማ ላይ የሚባለው፣ ሙሽራ ሲሸኝ የሚባለው፣ ሰው ሲሞት የሚወረደው፣ ሁሉም ከነዜማው ደረቴ ውስጥ አለ። ስለዚህ ልብ በክብ ይለካል የሚለው ነገር መጀመሪያ ላይ ስድብ ሆነብኝ። አንድ ቀን ልተነኩሰው ብዬ የራሴን ሁለት መስመር አዜምሁለት፦

ልቤን ስፈሩልኝ በቁና በጣሳ፣
ፍቅር ይበዛበት እንደሁ ወይ አበሳ።

ጥላዬ ራሱን ዘንበል አድርጎ ሰማኝ። "ያምራል" አለ። "ግን አንተ አዝማሪ፣ ፍቅርና አበሳ የአንድ መስፈሪያ ሁለት ጫፎች አይደሉም። ሰው ሁለቱንም እስከ አፍ ገደፉ ሊሞላ ይችላል። ለየብቻ ነው የሚጠየቁት።"

ተናደድሁ። ጥቂት ሰንብቼ ያፈቀርኋቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ሳስብ ግን እውነቱን ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ እከተለው ጀመር።

ከጥላዬ ጋር መንገድ መሄድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከባጃጅ ሲወርድ ሹፌሩን "አነዳድህን አንተው ራስህ ከሰባት ስንት ትሰጠዋለህ?" ይላል። አንዱ ሹፌር "ጋሼ፣ ከሰባት ሳይሆን ከሞት ነው ያተረፍኩህ" ብሎት ጋዙን ሰጥቶ ሄደ። ጥላዬ አልተቀየመም፤ ማስታወሻውን አውጥቶ "መላሹ ከመስፈሪያው ውጪ ነው" ብሎ ጻፈ። ምግብ ቤት ገብቶ አስተናጋጇ "ሽሮው እንዴት ነው?" ካለችው ወጡ ይቀዘቅዛል፤ ጣዕሙን ከትኩሳቱ፣ ትኩሳቱን ከጨዉ ለይቶ እስኪፈርድ። መስፈሪያውን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ዝም የሚለው ልቅሶ ቤት ብቻ ነው። እዚያ ቁጭ ይላል፣ ከሰው ጋር ያለቅሳል፣ ማንንም ምንም አይጠይቅም። ይህን ያየሁ ቀን በእሱ ከሚሳለቁት የከተማው ቀልደኞች ወገን በግማሽ ወጣሁ።

ባለቤቱ ወይዘሮ ብዙነሽ ከሐሙሲት ናት። በተጋቡ በሃያ ሁለት ዓመታቸው "ትዳራችንን ከአምስት ስንት ትሰጪዋለሽ?" አላት። "አራት" አለችው። ሰውዬው የጎደለችውን አንድ ፍለጋ ሳምንት ሙሉ ተንከራተተ። ማገዶ ፈለጠ፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ አስጠገነ፣ ሐሙሲት ድረስ ወርዶ አማቱን ጠየቀ። በሳምንቱ ደግሞ ጠየቃት።

"አራት።"

"ብዙዬ፣ ምን ጎደለ ታዲያ?"

"ምንም አልጎደለ። አምስት ብሰጥህ ነገ ምን ልትሠራ ትነሳለህ?"

ጥላዬ ይህን ሲያወራልኝ እየሳቀ አልነበረም። "የመስፈሪያው ጫፍ ባዶ መሆን አለበት ያለችው እኮ ትክክል ነው" አለኝ በአድናቆት።

ገጠር ሲወጣ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። ማንበብ ለማይችሉ ይቀላል ብሎ በክቦቹ ፈንታ አምስት ፊት አስሣለ፤ ከሚስቀው እስከተኮሳተረው። ስለ አዲሱ መንገድ የተጠየቁ አንድ ሽማግሌ ጣታቸውን የተኮሳተረው ላይ አኖሩ።

"አባቴ፣ መንገዱ ይህን ያህል አስከፍቶዎታል?"

"ኧረ የለም፣ እጅግ ደስ ብሎኛል።"

"ታዲያ ይህን ለምን መረጡ?"

"ይኸ ቁም ነገር ያለው ሰው ይመስላል። ያ ወዲያኛው ምን አግኝቶ ነው ላለፈ ላገደመው የሚገለፍጠው? እኔን ከእሱ ጋር ልታውለኝ ነው?"

ፊቶቹ ቀሩ። አሥር እርከን ያለው መሰላል መጣ። ከላይኛው ላይ የሚወጣ ሰው ጠፋ። በረቱ በከብት የተጨናነቀ ባለጸጋ "ከላይ የሚቀመጥ አንድዬ ነው" ብሎ ታችኛው እርከን ላይ ዘፍ አለ። "መካከለኛ" የሚለውን ክብማ አትጠይቁኝ። ያገራችን ሰው "እሱ ያውቃል" የሚልበት ጉዳይ ብዙ ነው፤ ሁሉም ሄዶ እዚያ ይሰፍራል። ጥላዬ መሐሉን ቢያነሳው ሰዉ በሁለቱ ክቦች መካከል ባለው ባዶ ወረቀት ላይ ጣቱን አሳረፈ። መለሰው። "ሰው መስፈሪያውን አይለምድም፤ መስፈሪያው ነው ሰውን መልመድ ያለበት" ይላል፣ እንደገና እስክሪብቶውን ሲያነሳ። ይህን አባባሉን ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የሺህ አንደኛውን ጊዜ ግን ገሳይ ላይ ነው የሰማሁት።

ከገሳይ በላይ፣ አስፋልቱን ትታችሁ ዳገቱን ሁለት ሰዓት ስትወጡ፣ አክስቴ በለጠች የሚኖሩባት መንደር አለች። እናቴ ሞታ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። መንደሯ አንዲት የእጅ ፓምፕ አለቻት። ፓምፗ እስከ ጥር እንደ ወለደች ላም ትታለባለች፤ ከየካቲት እስከ ሰኔ ትነጥፋለች። ያን ጊዜ አክስቴ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ አልታጠፍ ባለ ጉልበታቸው፣ ጄሪካን አዝለው ገደል ወርደው ከምንጭ ይቀዳሉ። አምና በመጋቢት ወድቀው ቀኝ ክንዳቸው ተሰብሯል።

ድርጅታችን የስድስት መንደሮችን ሰው ስለ ውኃው ያለውን ስሜት እንዲያጠና ታዘዘ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሰዉ በውኃው እጅግ ያልረካባቸው ሁለት መንደሮች በመጪው ዓመት ቧንቧ ይሳብላቸዋል። ለአራቱ የለም። የአክስቴ መንደር ከስድስቱ አንዷ ነበረች፤ ለመጠየቅ የተመደብሁትም እኔ።

የጥላዬ ሕግ "ዘመድ ቤት ከደረሳችሁ ለሌላ ጠያቂ አሳልፉ" ይላል። እኔ አላሳለፍሁም። ናፍቀውኝ ነበር። መታወቂያዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ እንደ እንግዳ ሰው "በውኃ አገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል?" አልኋቸው።

"በጣም ነው የረካሁ። እግዚአብሔር ይመስገን።"

"እቴቴ፣ ክንድዎ እኮ..."

"ክንዴን መች ጠየቅኸኝ፤ ውኃውን ነው የጠየቅኸኝ። አንተ፣ ውኃ የሰጠኝን አምላክ በወረቀት ልማው? ያሙት ነገር ይነጠቃል። ጻፍ፣ ረክታለች በል።"

አምስትን አከበብሁ። መልሱ አጠራጣሪ ከሆነ ከጎን ማስታወሻ ጻፉ የሚል ሌላ ሕግ ነበር። እሱንም አልጻፍሁም። ለአክስቱ አደላ እንዳልባል ፈራሁ። ከዚያ ወዲያ የገባሁባቸው ቤቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ያንኑ አሉኝ። ከአርባ ቤት ሠላሳ ስምንቱ በጣም ረክተዋል።

ያስተባበረን ሀብታሙ ነበር፤ ፈጣን፣ ቁጥር ወዳድ፣ ክፉ ያልሆነ ሰው። ሠንጠረዡን አይቶ "ይቺ ደስተኛ መንደር ናት። ከዝርዝሩ ትውጣ" አለ።

ጥላዬ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። "ሰው እንዲህ አይረካም። ይህን ያህል ከረካ ወይ ገነት ነው፣ ወይ ጥያቄያችንን አልሰማም።"

"ሪፖርቱ ሰኞ ነው፣ ጋሼ ጥላዬ። የምፈልገው ቁጥሩን ነው።"

"ተመልሼ ልውጣ።"

"ከዓመት ፈቃድህ ላይ ከሆነ ውጣ።"

ሐሙስ ማለዳ ወደ ገሳይ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከከተማው እንደወጣን ሁሉንም ነገርሁት፤ አክስቴን፣ ክንዳቸውን፣ ያከበብሁትን አምስት። ካፖርቱን ሰበሰበ።

"ቤቱን ለሌላ ማሳለፍ ነበረብህ።"

"አዎ።"

"የትኛው ክንዳቸው ነው?"

"ቀኙ።"

 ገሳይ ከሚኒባሱ ስንወርድ ነው "ሰው መስፈሪያውን አይለምድም" ብሎ የጀመረው። አልጨረሰውም።

መንደሯ ስንደርስ በሰባት ክብ ሞከረ። ክቡ ሲበዛ ሰዉ በየክቡ ይዘረጋል ብሎ ነው። የመጀመሪያዋ እመቤት ወረቀቱን አይታ "ሰባት ነው ያመጣችሁት? እንግዲያ ሰባቱንም ስጡልኝ" አለች። ሁለተኛዋም። ሦስተኛው ቤት ሳንገባ ጥላዬ ደከመውና አውድማ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

አውድማው ላይ የአክስቴ ባል ወንድም አያ ገሰሰ ገብስ ይሰፍሩ ነበር። ቁናውን ሞሉና ወደ ስልቻው ገለበጡ፤ "ቡሩክ" አሉ። ሁለተኛውን ገለበጡ፤ "ሁለት።" ከዚያ "ሦስት።"

ጥላዬ ቀና አለ። "አያ ገሰሰ፣ አንድ የት ሄደ?"

"የቱ አንድ?"

"ከሁለት በፊት ያለው።"

"ቡሩክ አልሁ አይደል? የመጀመሪያው ቁና አንድ አይባልም። መጀመሪያ የሰጠው ይመሰገናል። ቁጥር ከዚያ በኋላ ነው።"

"ሳያመሰግኑ ቢቆጥሩስ?"

"እንዲያ የሚቆጥር ሌባ ነው።"

"ካመሰገኑ በኋላ ጎደለ ቢሉስ? ነውር አይሆንም?"

አያ ገሰሰ ቁናውን አስቀምጠው ይህን የከተማ ሰው በሐዘኔታ አዩት። "ከጎደለ ጎደለ ነዋ። አመስግኜ ስሰፍር ጎደሎውን ሞላ ካልሁማ ያመሰገንሁትን እግዜር መልሼ ዋሸሁት።"

ጥላዬ ባለ ሰባት ክቡን ወረቀት አራተኛው ክብ ላይ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከአያ ገሰሰ ቤት የዘይት ጣሳ ተዋሰ። በምስማር ውስጡን ሦስት ቦታ ጫረው፤ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ። ባዶውና ሙሉው ሲጨመሩ አምስት ሆኑ።

"ያው አምስት ነው እኮ" አልሁት።

"አምስት ነው። አሁን ግን የእነሱ አምስት ነው።"

የአክስቴን ቤት እሱ ራሱ ገባ፤ እኔን በር ላይ አስቀመጠኝ። ባርኔጣውን አወለቀ። "እማማ በለጠች፣ ስለ ውኃው መጀመሪያ ምስጋናዎትን ይስጡልኝ። እሱ አይሰፈርም።" አክስቴ ጀመሩ። ከድንግል ማርያም ተነስተው በጻድቃን በሰማዕታት አልፈው ፓምፗን የተከሉትን መሐንዲሶች መርቀው እስኪጨርሱ አላቋረጣቸውም። ወረቀቱ ላይ "ቡሩክ" ብሎ ጻፈ። ከዚያ ጣሳውንና አንድ ሰፌድ ገብስ ከፊታቸው አኖረ።

"አመስግነናል። አሁን ይህ ጣሳ የእርስዎ ልብ ነው እንበል። በመጋቢት ያለው ውኃ ልብዎን እስከ የት ያደርሰዋል? በገብሱ ያሳዩኝ።"

አክስቴ በግራ እጃቸው አንድ ጭብጥ ጨመሩ። ሩቡ ጭረት ላይ ደረሰ። ጎንበስ ብለው ውስጡን አዩት። ከዚያ በሁለት ጣታቸው ከገብሱ ይመልሱ ጀመር፤ መለሱ፣ መለሱ፣ የጣሳው መቀመጫ እስኪታይ ድረስ።

"ይኸ ነው" አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ "ክንዴ የተሰበረ ቀን ለክንዴ አላለቀስሁም። ጄሪካኗ ተከፍታ ውኃው ሲፈስ ነው ያለቀስሁ። ለማንም አልተናገርሁ። ጠያቂም አልነበረ።"

ጠያቂው በር ላይ ተቀምጦ ነበር። መታወቂያው አንገቱ ላይ ነበር።

በሦስት ቀን አርባውን ቤት ጨረስን። የመንደሯ ልብ ከሩብ በታች ወጣ። ሰኞ ጥላዬ ጣሳውን የሀብታሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

"ገብስ ነው ማስረጃህ?"

"ገብሱን ተወው፣ ጭረቱን ቁጠር። ደግሞ የቀሩት አምስቱም መንደሮች በዚሁ ይሰፈሩ። አንዱን በክብ፣ ሌላውን በጣሳ መስፈር ግፍ ነው።"

"እንዴ፣ ፈቃድህን ጨርሰህ ልትበላ ነው?"

"ይበላ።"

እዚህ ላይ እኔ ነኝ የደነገጥሁት። ሌሎቹም መንደሮች አመስጋኞች ናቸው፤ ሌሎቹም ጎድሎባቸው ይሆናል። አክስቴን በጣሳው ካስገባን በኋላ በጣሳው ልናስወጣቸው እንችላለን። ውጭ ወጥተን ይህንኑ ስነግረው "ይሆናል" አለኝ። "ሦስተኛ ከወጡ መጥቼ እኔው እነግርሃለሁ።" ይነግረኝም ነበር፤ ጥላዬን አውቀዋለሁ። ሁለት ሳምንት ከመንደር መንደር ገብስና ጣሳ ተሸክሞ ዞረ። እኔ የተማሪ ደብተር እያረምሁ እንደ መቁጠሪያ ቀን ቆጠርሁ።

ሁለተኛ ወጡ።

ከሪፖርቱ ጋር የተያያዘችውን ገጽ ያየሁት ከወራት በኋላ ነው፤ ሀብታሙ ፋይል ሲያደራጅ አሳየኝ። "ይህን ከፈረምህ በስምህ ላይ ይቀራል ብዬው ነበር" አለኝ። በጥላዬ ቀጭን ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ "የመጀመሪያው ዙር መረጃ ይሰረዝ። ጥፋቱ የመላሾቹ አይደለም፣ የጠያቂዎቹም አይደለም። ለሰዉ የማይስማማ መስፈሪያ የመረጥሁት እኔ ነኝ።"

በዚያች መንደር የመጀመሪያ ዙር ጠያቂ አንድ ብቻ ነበር። "ጠያቂዎቹ" ብሎ በብዙ ቁጥር ሸፍኖ ያሳለፈኝ እኔን ነው። ይህን ለእሱ አፍ አውጥቼ ተናግሬው አላውቅም፤ እዚህ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው። ያቺን ገጽ ካነበብሁ ወዲህ አንድ ግጥም ከአፌ አይጠፋም፦

ከተመስገን በታች የተቀበረ ቃል፣
ጠያቂ ሲያገኝ እንደ ምንጭ ይፈልቃል።

ቧንቧው በኅዳር ተሳበ። ቦኖው ከአክስቴ ደጅ ሠላሳ እርምጃ ነው። የተከፈተ ቀን ሄጄ ነበር። አክስቴ ከሁሉ በፊት አንዲት ትንሽ ጄሪካን በግራ እጃቸው ሞልተው ክዳኗን አጥብቀው ሰጡኝ። "ለዚያ ካፖርታም ሰው አድርስልኝ" አሉ። ደብረ ታቦርም ቧንቧ እንዳለ ልነግራቸው አስቤ ተውሁት።

ከገሳይ ጀምሮ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አድርጌ መጣሁ። ረዳቱ "መምህር፣ ጠበል ነው?" አለኝ። ክዳኗን ደግሜ አጠበቅሁ።

ጥላዬ ቤት ስደርስ ከማን እንደሆነ ብቻ ነገርሁት። ጄሪካኗን በሁለት እጁ ተቀበለ። ከዚያ ወይዘሮ ብዙነሽን ብርጭቆ እንድታመጣ ጠየቃት፤ አንድ ለእሷ፣ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለራሱ ቀዳ። ሦስታችንም ቆመን ጠጣን። ውኃው የአዲስ ቧንቧ ጣዕም ነበረው።